ከአጥሩ ባሻገር፦ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ድርጅቶች፣ የክልሉና የከተማው ትብብር (የጉዳይ ጥናት)

የጉዳዩ መነሻ

ስለ ኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚወጡ ዘገባዎች በብዛት የሚቆጥሩት የተገነባውን ሼድ፣ የተላከውን ምርትና የተቀጠረውን ሰው ነው። ፋብሪካዎቹ ከተተከሉበት ከተማና ከዙሪያው ገጠር ጋር በምን ስምምነት እንደኖሩ ግን እምብዛም አይመዘገብም። በዚህ ረገድ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ የሚያስተምር ጉዳይ ነው። በዓለም ገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው ከክልል መንግሥት፣ ከከተማ አስተዳደርና ከልማት አጋሮች ጋር የጋራ ሥራ የጀመሩበት፣ ፍሬውም ጉድለቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የታየበት ስፍራ ነውና።

ጽሑፉ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ትብብር የቱን ችግር መፍታት ቻለ፣ የቱንስ ለምን ሳይፈታ ቀረ? የጸሐፊው ግምገማ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ትብብሩ ድርጅቶቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊወስኑት በሚችሉት ጉዳይ ጠንካራ ነበር፤ ከፓርኩ አጥር ውጭ መሬትና ገንዘብ በሚጠይቀው ጉዳይ ግን ባለቤት አጣ። በጉዳዩ የተሳተፉ ግለሰቦች በስም አይጠቀሱም። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳራ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ፓርኩ ሲታቀድ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ርእሰ ከተማ ነበረች። በዙሪያዋ ያለው እንሰትና ቡና አብቃይ የሲዳማ ገጠር፣ ራቅ ብሎም የወላይታ ምድር፣ በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። የቤተሰብ ማሳ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተከፋፈለ ስለሄደ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ ሥራ ፈላጊ ወጣት በብዛት ይገኛል። ፓርኩን ያቀዱት ሰዎች ካሰቡት ነገር ሁሉ በጣም እርግጠኛ የነበሩበት የሰው ኃይል እንደማይቸግር ነበር።

ፓርኩን የገነባው የቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 130 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ በ9 ወር ገደማ ተጠናቀቀ። ወደ 250 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚደርሰው ወጪ የተሸፈነው ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ገበያ አቅርባ 1 ቢሊዮን ዶላር ከተበደረችበት የዩሮቦንድ ሽያጭ ጋር በተያያዘ ገንዘብ ነው። ፓርኩ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በኋላ በተጨመሩት ጭምር 52 ሼዶች ያሉት ሲሆን፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሁለት ሺፍት 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። የሕግ ማዕቀፉን የሰጠው የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ነው። የባንክ፣ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በግቢው ውስጥ በአንድ ማዕከል እንዲሰጥም ተደረገ።

ለትብብሩ መሠረት የጣለው አንድ ነገር ፓርኩ የተሞላበት መንገድ ነው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ወደ ሀዋሳ የመጣው ብቻውን አልነበረም። ለዓመታት ልብስ ሲሰፉለት የቆዩ የእስያ አቅራቢዎቹንና ጨርቅ የሚያመርት የቻይና ድርጅት አብረው እንዲገቡ አግባብቶ ነው። ከሕንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከሆንግ ኮንግ፣ ከቻይናና ከኢንዶኔዥያ የመጡት ድርጅቶች ስለዚህ ቀድሞውንም የሚተዋወቁ፣ ብዙዎቹ ለተመሳሳይ ገዢዎች የሚያቀርቡ፣ የሥራ ደኅንነት መመዘኛቸውም የተቀራረበ ነበር። በሌሎች ፓርኮች፣ በተለያየ ጊዜ በተናጠል የገቡ ድርጅቶች የጋራ ማኅበር ለመመሥረት ሲቸገሩ፣ በሀዋሳ ማኅበሩ ቶሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁሉንም ያስተሳሰረ ሌላም ነገር ነበር፤ ከኢትዮጵያ የሚላክ ልብስ አጎዋ በተባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች በወጣው የአሜሪካ የንግድ ሕግ ምክንያት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መግባቱ።

ችግሩ

ማሽኖቹ ተተክለው ሥራ ሲጀመር፣ እንደማይቸግር የታመነበት የሰው ኃይል ዋናው ችግር ሆነ። ሰው ተመዝግቦ ይገባል፤ ለሳምንታት ይሠለጥናል፤ ከዚያ ይጠፋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድና ሰብዓዊ መብት ማዕከል ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ የፓርኩ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወር ውስጥ መላ ሠራተኞቻቸውን የመተካት ያህል ይቀይሩ ነበር። በስፌት ሥራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መስመር ላይ የቆመ ሱፐርቫይዘር ያውቀዋል። አንዱ ኦፕሬተር ኮሌታ፣ ሌላው እጅጌ፣ ሦስተኛው ቁልፍ እየሠራ በሚተላለፉበት መስመር ሁለት ሦስት ሰው ሲጎድል የቀረው ሁሉ ይቆማል። የሠለጠነ ሰው በማጣት የሚባክነው ሰዓት፣ ርካሽ ነው የተባለውን ጉልበት ውድ ያደርገዋል።

ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ይሁንና ሁሉም የሚያያዘው ከሠራተኛዋ ኑሮ ጋር ነው። ከተቀጣሪዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ለብዙዎቹ ይህ የመጀመሪያ የደመወዝ ሥራቸው፣ ሀዋሳም ያለ ቤተሰብ የኖሩባት የመጀመሪያ ከተማ ነበረች። ያው ሪፖርት እንደሚያሳየው መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም በዋና ዋና ልብስ አምራች አገሮች ከሚከፈለው ሁሉ ያነሰ ነው። የመገኘትና የምርት ማበረታቻ ሲጨመርበት ከፍ ቢልም፣ ከቤት ኪራይ፣ ከምግብና ከትራንስፖርት በኋላ ወደ ቤት የሚላክ ገንዘብ አይተርፍም ነበር። ቤተሰብ ደግሞ ልጁን ወደ ከተማ ሲልክ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በቤቷ ሳለች ኪራይ የማትከፍል ልጅ ደመወዝተኛ ሆና ከቤተሰቧ እንዲላክላት ስትጠይቅ፣ ሥራው ለቤተሰቡ ትርጉም ያጣል። በአማራጭነት ደግሞ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ነበር፤ አደጋው ቢታወቅም ክፍያው ከፋብሪካው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የከተማዋን አቅም በተመለከተ አንድ ንጽጽር በቂ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሀዋሳ ከተማ ነዋሪ 157 ሺህ ገደማ ነበር። ፓርኩ እስከተመረቀበት ጊዜ ከተማዋ ብዙ ሰፍታለች። ቢሆንም በቆጠራው ከተመዘገበው ሕዝቧ ከሲሶ በላይ የሚሆን ሠራተኛ ወደ አንድ ግቢ እንዲገባ ታቅዶ፣ የት እንደሚያድር በዕቅዱ ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረም። ለማሽኑ ሼድ፣ ለኮንቴይነሩ መንገድ፣ ለፍሳሹ ማጣሪያ ተዘጋጅቶ ነበር። ለሠራተኛዋ ማደሪያ የተተወው ለግለሰብ አከራይ ነው።

ድርጅቶቹም እርስ በርሳቸው ይጎዳዱ ነበር። አንዱ ያሠለጠናትን ኦፕሬተር ሌላው ጥቂት ብር ጨምሮ ይወስዳታል፤ ስለዚህ ማሠልጠን የሚያተርፈው ለማያሠለጥነው ይሆናል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ድርጅቶቹ የባለሀብቶች ማኅበር አቋቁመው ከመንግሥት ጋር በአንድ ድምፅ መነጋገር መጀመራቸው ነው። የመብራት መቆራረጥ፣ የጉምሩክ መጓተት፣ የሠራተኛ ትራንስፖርትና የመሳሰለው ጉዳይ በተናጠል ደብዳቤ መመላለሱ ቀርቶ በማኅበሩ በኩል ለኢንቨስትመንት ኮሚሽን፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን፣ ለክልሉና ለከተማው ይቀርብ ጀመር። ማኅበሩ በመነሻ ደመወዝና በቅጥር አሠራር ላይ አባላቱ ተቀራራቢ መስመር እንዲይዙም አደረገ። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛውና ከሁሉ የላቀ ሥራ የሚባለው በምሕጻሩ ሂፕስተር ተብሎ የታወቀው የሠራተኛ ምልመላና ሥልጠና ሥርዓት ነው። በእንግሊዝ መንግሥት የሚደገፍ የልማት ፕሮግራም የቴክኒክ እገዛ እያደረገለት፣ የክልሉ መንግሥት፣ የኢንቨስትመንት ኮሚሽንና የፓርኩ ድርጅቶች በጋራ የመሠረቱት ነው። አሠራሩ ከገጠር ይጀምራል። በወረዳና በቀበሌ የተቋቋሙ ኮሚቴዎች ስለ ሥራው፣ ስለ ደመወዙና ስለ ከተማ ኑሮ ለወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው ያስረዳሉ፤ ዕድሜያቸው 18 የሞላቸውንና አነስተኛውን የትምህርት መመዘኛ የሚያሟሉትን ይመዘግባሉ። ተመዝጋቢዎቹ ሀዋሳ ሲደርሱ በምዘና ማዕከል የጣት ቅልጥፍናቸውና የመረዳት ችሎታቸው ተፈትኖ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ከዚያ በኋላ ለድርጅቶቹ የሚመደቡት ከዚሁ የጋራ ቋት ነው። ወደ ማሽን ከመቀመጣቸው በፊት ስለ ሰዓት አክብሮት፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ጤና፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ክፍል ተጋርቶ ስለ መኖር ጭምር ሥልጠና ይሰጣቸዋል። በውጭ ያለ ሰው የመጨረሻውን ቀላል ጉዳይ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን ሠራተኞች ሥራ የሚለቁት በፋብሪካው ውስጥ በሆነ ነገር ብቻ ሳይሆን በማደሪያቸውም ምክንያት ነበርና ቦታውን የያዘ ሥልጠና ነው።

ሦስተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ዋናው ገባር ጥቁር ውኃ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ከአካባቢው ፋብሪካዎች በሚወጣ ፍሳሽ ምክንያት ሐይቁ ለአጥኚዎች የስጋት ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በአሞራ ገደል ዓሣ አስግረው የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና የከተማዋ መልካም ስም በዚህ ውኃ ላይ የቆሙ ናቸው። ስለሆነም እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ማጣሪያ ከሚተክል፣ ፈሳሽ ቆሻሻ ወደ ውጭ የማይለቅ አንድ የጋራ ማጣሪያ በቀን 11 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ተደርጎ በፓርኩ ተገነባ። ከገባው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ ታክሞ ተመልሶ ወደ ምርት ይገባል።

ከነዚህ ጎን ለጎን ማታ ከሺፍት ለሚወጡ ሠራተኞች የሰርቪስ አውቶቡስ ተዘጋጀ፤ አንዳንድ ድርጅቶችም ምሳ ማቅረብ ጀመሩ።

የተሳካው

የጋራ ማጣሪያው በግልጽ የተሳካ ሥራ ነው። ወጪው ከፍተኛ ነው፤ የሚያስከትለው የኤሌክትሪክ ፍጆታና በመጨረሻ የሚቀረው ጨውና ዝቃጭ አያያዝም ቀላል ሸክም አይደለም። ሆኖም ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ከሐይቁ አጠገብ ሲተከል ሊነሳ የሚችለውን የከተማ ነዋሪ ቅሬታ ገና ከጅምሩ መልስ ሰጥቶታል። ለድርጅቶቹም ጥቅም ነበረው፤ ገዢዎቻቸው ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚያካሂዱት ምርመራ በየፋብሪካው ከሚቀርብ የተለያየ ማስረጃ ይልቅ አንድ ሥርዓት ማሳየት ይቀላል። ይህ የሠራበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ማጣሪያው የተሠራው ፓርኩ ሲሠራ አብሮ ነው፣ የሚገኘውም በአጥሩ ውስጥ ነው፣ ያለ እሱ ደግሞ ምርት አይጀመርም። ማን ይሥራው የሚል ክርክር የሚነሳበት ክፍተት አልነበረም።

ሂፕስተርም በመሠረቱ ሠርቷል። ሥራ ፍለጋ በፓርኩ በር ላይ የሚደረገውን መጉላላትና ደላላውን አሳጠረ። የአካባቢ መንግሥት ኃላፊዎችን የምልመላው ተጠያቂ አደረጋቸው። ወላጆችም ልጃቸው የት እንደምትሄድ ከሚያውቁት የቀበሌ ሰው እንዲሰሙ አስቻለ። ድርጅቶቹ በየፊናቸው ቢሞክሩት ይህን ያህል ወረዳ ሊደርሱ አይችሉም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፓርኩ ሠራተኛ ወደ 30 ሺህ መጠጋቱ፣ ከታቀደው 60 ሺህ ግማሽ ቢሆንም፣ በአንድ ስፍራ በአገሪቱ ከታዩት ትልልቅ የፋብሪካ ቅጥሮች አንዱ ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ወረዳዎቹ የሚገመገሙት ባስመዘገቡት ቁጥር ስለነበር፣ ሥራውን ከእውነታው አሳምሮ የመንገር ፈተና ውስጥ መግባታቸው አይቀሬ ነበር። የተጋነነ ተስፋ ይዛ የመጣች ልጅ ደግሞ ቶሎ ትመለሳለች። የምልመላው ቁጥር ሲጨምር የመልቀቁ ቁጥር አብሮ ከፍ ሊል የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ያልተሳካው

የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ከሁሉ የከፋው ነው። ፓርኩ ሥራ እንደ ጀመረ በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች የክፍል ኪራይ ወጣ። ግቢያቸው ውስጥ ትርፍ ቦታ የነበራቸው ነዋሪዎች በቆርቆሮና በጭቃ የሰርቪስ ክፍሎችን ሠርተው ማከራየት ጀመሩ፤ አራት ሆነው አንድ ክፍል መጋራት ለሠራተኞቹ የተለመደ ኑሮ ሆነ። ለአከራዩ ቤተሰብ፣ ለጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ለባጃጅ ነጂው ይህ እውነተኛ ገቢ ነው፤ ፓርኩ ለከተማዋ ያመጣው ጥቅም ሲዘረዘር ሊዘነጋ አይገባም። እንዲያውም ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና ዚፑ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ፣ ከፓርኩ ወደ ሀዋሳ ኢኮኖሚ የሚፈሰው ገንዘብ ዋና ቦይ የሠራተኛዋ ደመወዝ ነበር። ይህ ማለት ደግሞ የከተማዋ ጥቅም ከደመወዙ መጠን ሊያልፍ አይችልም ማለት ነው። አነስተኛ ደመወዝ ከኪራይ በኋላ ለጉሊትም ለሱቅም የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ስለ ሠራተኛ ማደሪያ ውይይቶች ተደርገዋል። ክርክሩ ግን ከአንድ ጥያቄ አላለፈም። ድርጅቶቹ ቤት መሥራት የእነሱ ንግድ እንዳልሆነ፣ ካፒታላቸውም ለማሽን እንደተመደበ ይናገራሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ያለው ተልእኮ ሼድ መገንባት ነው። ከተማው መሬት ሊሰጥ ቢችልም ለግንባታ በጀት የለውም። የግል አልሚ ደግሞ በዚያ ደመወዝ ሊከፈል በሚችል ኪራይ ብድሩን መመለስ አይችልም። እያንዳንዱ ወገን በራሱ ሒሳብ ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ከሠራተኛው ቁጥር ጋር የሚመጣጠን ማደሪያ አልተሠራም። ችግሩ በስብሰባ ብዛት የሚፈታ አልነበረም፤ የሁሉንም ሒሳብ አንድ ላይ ደምሮ ጉድለቱን የሚሸፍን አካል ያስፈልገው ነበር።

የደመወዙ ስምምነት ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ የሌላውን የሠለጠነ ሰው በጥቂት ብር መንጠቁን ገታ፤ ድርጅቶቹ ለማሠልጠን ድፍረት አገኙ። በሌላ በኩል ሠራተኛዋ ሥራ ቀይራ ደመወዝ የምታሳድግበትን ብቸኛ መንገድ አጠበበ። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም በጥናቱ በተሸፈኑት ዓመታት ወለሉ አልተወሰነም። በፓርኩ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረትም ለዓመታት አዝጋሚ ሆኖ ቆይቷል። አሠሪዎች የተደራጁበት፣ ሠራተኞች ያልተደራጁበት፣ ሕግም ወለል ያላስቀመጠበት ስምምነት ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ አይደንቅም። በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ በፓርኩ ሠራተኞች ሥራ ማቆማቸው ከዚህ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም፤ ካነሷቸው ቅሬታዎች መካከል ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይገኙበታል። ትብብሩ «የኢንዱስትሪ ሰላም» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሲጠቀም፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የሠራተኛው ወገን ወንበር ባዶ እንደነበር ልብ ያለው ዘግይቶ ነው።

ትብብሩን የፈተኑት ክስተቶች

የመጀመሪያው የፖለቲካ ለውጥ ነው። የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ይታወጃል ተብሎ በተጠበቀበት ሰሞን በሀዋሳና በአካባቢው ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የከተማዋ እንቅስቃሴም ተስተጓጎለ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ዞኖች ደረጃ በደረጃ በተለያዩ ክልሎች ተደራጁ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀድሞው የደቡብ ክልል ሕልውና አበቃ። የሕዝቡ ጥያቄ ሌላ ርእስ ነው። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው ግን ሂፕስተር የተዋቀረው በአንድ ክልላዊ መንግሥት ትእዛዝ ሰጪነት ዞኖችንና ወረዳዎችን በማሰለፍ እንደነበር ነው። የወላይታ ወረዳ ለሀዋሳ ፓርክ ሠራተኛ ሲመለምል የራሱን ክልል ርእሰ ከተማ እያገለገለ ነበር፤ ክልሎቹ ሲለያዩ ያ የትእዛዝ ሰንሰለት ተቋረጠ። ስምምነቱ የተፈረመው ከክልሉ ጋር እንጂ ከወረዳዎቹ ጋር በቀጥታ ባለመሆኑ፣ ክልሉ ሲከፋፈል የወረዳዎቹ ግዴታም መሠረቱን አጣ።

ሁለተኛው ኮሮና ነው። በ2012 ዓ.ም. የበጋው መጨረሻ ላይ ገዢዎች ትእዛዝ ሲሰርዙና ሲያዘገዩ ፋብሪካዎቹ በርካታ ሠራተኞችን ወደ ቤት ላኩ፤ አንዳንዶቹ ማስክ ወደ መስፋት ዞሩ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የከተማውን ኪራይ መክፈል ስለማይችሉ ወደ ገጠር ተመለሱ። ፓርኩ ጉልበቱን በከተማዋ ውስጥ አለማሳደሩ ምን እንደሚያስከፍል የታየው ሥራው ዳግም ሲጀመር ነው፤ የተበተነውን ሰው ለመሰብሰብ ምልመላው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

ሦስተኛውና ከባዱ የአጎዋ መታገድ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውሳኔውን አስታወቀ፤ እገዳው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተፈጻሚ ሆነ። ሌሎቹን ይዞ የመጣው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ፤ በተከታዮቹ ወራት ሌሎችም ሥራ ቀነሱ ወይም ወጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ። የቀሩት ድርጅቶች ወደ አውሮፓ ገዢዎች ለመዞር ሞከሩ፤ ለአገር ውስጥ ገበያ ማምረት የጀመሩም ነበሩ። አብሮ የመጣ ቡድን አብሮ ሊሄድ እንደሚችል፣ የአንድ ገበያ ፈቃድም በአንድ ውሳኔ ሊነሳ እንደሚችል ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነበር። የጋራ ስምምነቶቹ ውስጥ ግን ስለ መቀጠር እንጂ ስለ መሰናበት የተጻፈ ነገር እምብዛም አልነበረም። ፓርኩ ዛሬም አለ፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ሕግ መሠረት ወደ ልዩ የኢኮኖሚ ዞንነት ተሸጋግሯል።

ወደ ሌላ ስፍራ ሊሻገሩ የሚችሉ ትምህርቶች

በመቀሌ፣ በኮምቦልቻ፣ በጅማ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋና በባሕር ዳር ያሉ መሰል ፓርኮች ሁኔታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ከሀዋሳ ሊወሰዱ የሚችሉ ነጥቦች አሉ።

ከምርት በፊት ካልተሠራ ምርት የማይጀመርበት ነገር ይሠራል፤ በኋላ ይደርሳል የተባለው አይደርስም። ማጣሪያውና ማደሪያው በአንድ ፓርክ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት ሥር ያጋጠማቸው ዕጣ ለዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የማደሪያው ጉዳይ የሼዶቹ ኪራይ ውል አካል መሆን አለበት። ለምሳሌ ከሼድ ኪራይ የተወሰነው ክፍል ለማደሪያ ግንባታ ፈንድ እንዲሄድ፣ ከተማው መሬቱን እንዲያዋጣ፣ የሚቀጠረው ሰው ቁጥርም ከተዘጋጀው አልጋ ጋር እየታየ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። ይህ ባለሀብቱን ያሸሻል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ነገር ግን በየዓመቱ መላ ሠራተኛን መተካት የሚያስወጣው ወጪ በአንድ በኩል፣ የማደሪያው መዋጮ በሌላ በኩል ተቀምጠው ቢሰሉ፣ መዋጮው ውድ ሆኖ መገኘቱ የሚያጠራጥር ነው።

አሠሪዎች በደመወዝ ላይ የሚመክሩበት ማኅበር ካለ፣ ሠራተኞች የተወከሉበት ድርድር አብሮ መኖር አለበት። ይህን የምለው ለፍትሕ ብቻ ብዬ አይደለም። ማኅበሩ ራሱ የጎደለውን መረጃ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሰው ለምን እንደሚለቅ ለማወቅ ጥናት ከማስጠናት በፊት፣ አንድ ክፍል ለአራት ተጋርተው የሚኖሩትን መጠየቅ ይቀድም ነበር።

የምልመላ ሥርዓት የሚመዘነው በተመዘገበው ሰው ብዛት ከሆነ የተጋነነ ተስፋ ያመርታል። ወረዳው ሊገመገም የሚገባው ከላካቸው ሠራተኞች ስድስት ወር ሞልተው የቆዩት ስንት ናቸው በሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ኮሚቴው ደመወዙንም ኪራዩንም እንዳለ ለመናገር የራሱ ጥቅም ይኖረዋል።

ከአንድ የመንግሥት እርከን ጋር ብቻ የተፈረመ ስምምነት እርከኑ ሲለወጥ ይፈርሳል። ሠራተኛ የሚላክበት ወረዳ፣ ሠራተኛ የሚኖርበት ከተማና ድርጅቶቹ በቀጥታ የሚፈራረሙበት፣ አስተዳደራዊ ወሰን ቢቀየርም የሚቀጥል ውል ያስፈልጋል። የልማት አጋር የሚሰጠው የቴክኒክ እገዛም የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ የምዘና ማዕከሉ ወጪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በከፊል ከድርጅቶቹ መዋጮ ቢሸፈን ይመረጣል።

የመጨረሻው የመውጫው ጉዳይ ነው። በምዘና ማዕከል የተፈተነ፣ ደረጃ የወጣለት፣ በመስመር ላይ የሠራ ሰው መዝገብ ለቅጥር ብቻ መቀመጥ የለበትም። አንድ ድርጅት ሲዘጋ መዝገቡ ለቀሩት እንዲተላለፍ፣ ቅድሚያም ለተሰናባቾች እንዲሰጥ፣ ወረዳዎቹ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገራቸውና የመመለሻ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚሸፍን ድርጅቱ ሼዱን በሚረከብበት ዕለት በሚፈርመው ውል ውስጥ መጻፍ አለበት። ለዚህም ዋስትና የሚሆን ገንዘብ በቅድሚያ በዝግ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ ውሉ ድርጅቱ አገር ለቆ ከወጣ በኋላም ሊፈጸም ይችላል።